«መርየም» ማለት ምን ማለት ነው? ቢዮ አዋሌ አቂቃ ላይ የተነሳ ጥያቄ



ከጥቂት ወራት በፊት ለአንድ አቂቃ ተጠርተን ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብለን ወደ ቢዮ አዋሌ ሄደን ነበር። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። «ቢዮ» በሶማሊኛ ውሃ ማለት ነው፤ በአካባቢው ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይሰማል። ሕፃኗ ሰባተኛ ቀኗን ይዛለች፣ በጉ ታርዷል፣ ሆጃው ቀርቧል። ስሟ ግን ገና አልተቆረጠም።

አያቷ «መርየም ትባል» አሉ። አንዱ አጎት «የድሮ ስም ነው፣ ዘመናዊ እንፈልግላት» አለ። ሌላው ደግሞ «የክርስቲያን ስም አይደል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከከተማ የመጣች አንዲት እህት ስልኳን አውጥታ ስትፈልግ ቆይታ «ኧረ ትርጉሙ መራራ ነው ይላል!» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። አራሷ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና «ልጄን መራራ ብዬ ልጥራት?» አለች።

የምናውቀውን እዚያው ተናገርን። ይሁንና ነገሩ በአንድ ስኒ ሆጃ የሚያልቅ አልነበረም። የከተማ ልጆች የሆናችሁ አንባቢዎቻችንም ነገ ልጅ ስትስሙ እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ይገጥሟችኋልና ሰፋ አድርገን ልንጽፈው ወደድን።

ስሙ ከየት መጣ?

በግልጽ እንጀምር። መርየም በመነሻው ዐረብኛ አይደለም፤ ዕብራይስጥ ነው። የዐረብኛ ቋንቋ ሊቃውንትም «ዐጀሚ» ከሚሏቸው፣ ማለትም ከሌላ ቋንቋ ወደ ዐረብኛ ከገቡት ስሞች ይቆጥሩታል። ይህ ግን ሊያስደነግጠን አይገባም። ኢብራሂም፣ ኢስማዒል፣ ያዕቁብ፣ ዩሱፍ፣ ሙሳ፣ ሃሩንም እንዲሁ ናቸው። ከመካከላችን ኢብራሂም የሚባል ጎረቤት የሌለው ማን ነው? «ስምህ የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቀውስ ማን አለ?

በዚህ ስም የምትታወቀው የመጀመሪያዋ ሴት የነቢዩ ሙሳና የነቢዩ ሃሩን (ዐ.ሰ) እህት ናት። ስሟ በተውራት መጻሕፍት ተጽፏል። ቁርኣን ደግሞ በሱረቱል ቀሶስ ስሟን ሳይጠራ ሥራዋን ይነግረናል። ሕፃኑ ሙሳ በወንዙ ላይ ሲሄድ በእናቷ ትእዛዝ ከሩቅ የተከታተለችው፣ የፊርዐውን ቤተሰብ የሚያጠባው ሲፈልግለት በብልሃት ወደ እናቱ ጡት የመለሰችው እሷ ነበረች።

ዛሬ በዕብራይስጥ ስሙ «ሚርያም» ተብሎ ይነበባል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች «መርየም» የዚያ የተበላሸ አነጋገር ይመስላቸዋል። የቋንቋ ተመራማሪዎች የሚሉት ሌላ ነው። በዕብራይስጡ ጽሑፍ ላይ የአናባቢ ምልክቶች የተጨመሩት ከእስልምና መምጣት በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ምዕተ ዓመታት ነው። ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የተሠራው የግሪክኛ ትርጉም ግን «ማርያም» ብሎ ይጽፈዋል። ሱርስቱም፣ ዐረብኛውም፣ ግእዙም በ«መ» ወይም በ«ማ» ይጀምሩታል። ስለዚህ የቢዮ አዋሌዋ አያት የጠሩበት ድምፅ ለጥንቱ አነጋገር የቀረበው ነው።

እውነት «መራራ» ማለት ነው?

እህታችን ስልኳ ላይ ያየችው መልስ ፈጠራ አይደለም፤ ግን ከብዙ ግምቶች አንዱ ብቻ ነው። በዕብራይስጥ «ማር» መራራ ማለት ስለሆነ የአይሁድ ሊቃውንት ስሙን ከዚያ ጋር አያያዙት። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ ያቺ የሙሳ እህት የተወለደችው ፊርዐውን በበኒ ኢስራኢል ላይ ኑሮን ባመረረበት ጊዜ ነው ይላሉ። በዚህ አተረጓጎም እንኳ መራራ የተባለው የፊርዐውን ግፍ ነው እንጂ ልጅቷ አይደለችም።

ሌሎች ቃሉን «አመፅ» ከሚል ሥር ያወጡታል። ሙሳና ቤተሰቡ ግብፅ ውስጥ ስላደጉ «የተወደደች» ከሚል የጥንት ግብፅ ቃል ነው የሚሉም አሉ። በአራማይክ «እመቤት» ከሚለው ጋር የሚያገናኙት አሉ። በ420 እ.ኤ.አ የሞተው የላቲኑ ሊቅ ጀሮም «የባሕር ጠብታ» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑት በላቲን ጠብታና ኮከብ የሚሉት ቃላት በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ገልባጮች «የባሕር ኮከብ» አደረጉት። አውሮፓ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚጠራው ይህ ውብ ትርጉም የብዕር ስህተት ልጅ ነው ማለት ነው። ከሙፈሲሮች ደግሞ ዘመኽሸሪ በእነሱ ቋንቋ ትርጉሙ «ዐቢዳ»፣ ማለትም አምላኪ፣ ዒባዳ አድራጊ እንደሆነ ጽፏል።

ታዲያ የትኛው ነው ትክክል? ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ስሙ በጣም ከማርጀቱ የተነሳ ፊደሎቹ መጀመሪያ የተሸከሙት ትርጉም ደብዝዟል። ስልካችን ግን ይህን ሁሉ ክርክር ትቶ አንዱን መርጦ «ትርጉሙ ይህ ነው» ይለናል። እኛም እሱን አምነን የልጅ ስም እንቀይራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዛሬ መርየም ሲባል በአንድ ቢሊዮንና ከዚያ በላይ በሚቆጠር ሰው ልብ ውስጥ የሚመጣው የመዝገበ ቃላት ፍቺ አይደለም፤ አንዲት ሴት ናት። የስሙን ትርጉም የሰጠችው የተሸከመችው ሰው ናት። እንዴት እንደሰጠችው እንይ።

ከአምስት ሴት አንዷ

ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) በተወለዱበት ዘመን በፍልስጥኤም ምድር ይህ ስም እጅግ የተለመደ ነበር። ከዚያ ዘመን በመቃብር ድንጋይ፣ በሰነድና በመጻሕፍት ስማቸው ተጽፎ የተገኙ አይሁዳውያን ሴቶችን የቆጠሩ ተመራማሪዎች ከአምስቷ አንዷ ገደማ በዚህ ስም ትጠራ እንደነበር ደርሰውበታል። ንግሥቷም ጭምር። ንጉሥ ሄሮድስ በ29 ዓመተ ዓለም ያስገደላት ሚስቱ ስሟ ይኸው ነበር። ክርስቲያኖች በሚያነቡት ወንጌልም ከእናትየው ሌላ በርካታ ማርያሞች አሉ፤ አንዷ ከሌላዋ የምትለየው በአገሯ ወይም በዘመዷ ስም ነው።

ይህን ማወቅ አንድ የታወቀ ጥያቄ ይፈታልናል። ሶሒሕ ሙስሊም እንደዘገበው ሙጊራ ኢብን ሹዕባ (ረ.ዐ) ወደ ነጅራን በሄደ ጊዜ የዚያ አገር ክርስቲያኖች ያዙት። ቁርኣናችሁ መርየምን የሃሩን እህት ይላታል፤ ሙሳና ሃሩን ግን ከዒሳ ስንት ዘመን ይቀድማሉ? አሉት። ሙጊራ መልስ አጣ። ወደ መዲና ሲመለስ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው። እሳቸውም ያ ሕዝብ ከእሱ በፊት በነበሩ ነቢያትና ደጋጎች ስም ልጆቹን ይሰይም እንደነበር ነገሩት።

መልሱ አጭር ነው፣ የያዘው ግን ብዙ ነው። በኒ ኢስራኢሎች ልጆቻቸውን ሃሩን፣ ሙሳ፣ መርየም የሚሏቸው ያለፉት ደጋጎች እንዳይረሱ ነበር። ስም ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ አደራ ነው ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህንኑ አድርገዋል። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ ልጅ ሲወለድላቸው በአባታቸው በኢብራሂም ስም ሰይመውታል። የዚያ ሕፃን እናት ማን ነበረች? ከግብፅ የመጣችው ማሪያ ነበረች። ማሪያ ደግሞ ያው የመርየም ስም በግሪክ አፍ ዞሮ የመጣበት ቅርጽ ነው።

ስሟ የተጠራ ብቸኛዋ ሴት

በቁርኣን ውስጥ ብዙ ሴቶች ይወሳሉ። የፊርዐውን ሚስት አለች፣ የሰበእ ንግሥት አለች፣ የሙሳ እናት አለች። በስሟ የተጠራችው ግን መርየም ብቻ ናት። ስሟ 34 ጊዜ ይገኛል፤ 98 አንቀጾች ያሉት 19ኛው ሱራም በእሷ ስም ተሰይሟል።

ከዚህም በላይ የስም አወጣጧ ራሱ በቁርኣን ተመዝግቧል። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን የዒምራን ሚስት በሆዷ ያለውን ለአላህ ቤት አገልጋይ ልታደርግ ተሳለች። በዚያ ዘመን ለዚህ አገልግሎት የሚታሰበው ወንድ ነበር። የወለደችው ሴት ሆነች። እናትየው ነገሩን ለጌታዋ አቀረበች፣ ልጇንም መርየም ብላ እንደሰየመቻት ተናገረች፣ እሷንና ዘሯን ከሸይጣን እንዲጠብቅላት ለመነች። አላህም በመልካም አቀባበል ተቀበላት። ወንድ ይጠበቅበት የነበረውን ቦታ ሴት ልጅ ያዘችው፤ አሳዳጊዋም ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ) ሆኑ።

ሙፈሲሮች ከዚህ አንቀጽ ሕግ አውጥተውበታል። ኢብን ከሲር ልጅን በተወለደበት ቀን መሰየም እንደሚቻል ማስረጃ ያደርገዋል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን። ያንን ስም ያወጣችው እናት ናት። አባትየው ዒምራን በዚያ ጊዜ በሕይወት እንዳልነበረ ብዙ ሙፈሲሮች ይናገራሉ። በየቤታችን የስም ጉዳይ ሲነሳ አራሷን የሚጠይቃት ስንቱ ነው?

ሐበሻ ምድር ላይ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ615 እ.ኤ.አ አካባቢ የመካ ቁረይሾች ግፍ ሲበረታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃቦችን በግዛቱ ማንም ወደማይበደልበት ንጉሥ አገር ላኳቸው። ከተሰደዱት መካከል ወጣቷ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ከባሏ ጋር ነበረች። የዚያን ቀን ታሪክ በዝርዝር የደረሰን በእሷ አንደበት ነው።

ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ከአንድ ባልደረባው ጋር የቆዳ ስጦታ አስይዘው ስደተኞቹን እንዲያስመልስ ላኩ። ነጃሺ ግን አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠራ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ቆሞ ተናገረ። ከመጣላችሁ ነገር የምታነብልኝ አለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጀዕፈር የመረጠው የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ነበር። ኡሙ ሰለማ እንደምትተርከው ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ፤ ጳጳሳቱም የዘረጓቸው መጻሕፍት እስኪርሱ አለቀሱ።

ያንን ዙፋን ፊት አስቡት። አንዱ ወገን ዐረብኛ፣ ሌላው ግእዝ ይናገራል። ንግግሩ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ስሟ ግን አያስፈልገውም። «መርየም» ያለውን «ማርያም» የሚለው ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። በማግስቱ ዐምር ስደተኞቹ ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ሲመለስ ጀዕፈር አልሸሸገም። ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግሏ መርየም የጣለው ቃሉ መሆናቸውን መሰከረ። ነጃሺም ከመሬት ስንጥር አንስቶ ዒሳ ከተባለው በዚህች ታህል እንደማይበልጡ ተናገረ። ስደተኞቹ በሰላም ኖሩ። የቁረይሽ ስጦታ ተመለሰ።

ኡሙ ሰለማ ይዛው የተመለሰችው ሌላም ትዝታ አለ። ቡኻሪ እንደዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በታመሙ ጊዜ እሷና ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ሐበሻ ምድር ስላዩት «ማሪያ» ስለሚባል ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ውበቱና በውስጡ ስላሉት ሥዕሎች አወሩ። እሳቸውም በደጋጎች መቃብር ላይ ማምለኪያ መገንባትንና ሥዕል መሣልን ነቀፉ። ሐዲሱ ትምህርቱን ሰጥቶናል። ለታሪክ ደግሞ ስሙ በዚያን ጊዜም በአገራችን ለሕንጻ ተሰጥቶ፣ በሰው አፍ ላይ ይኖር እንደነበር ያሳየናል።

አንድ ስም፣ ሁለት አጠራር

«የክርስቲያን ስም አይደል?» ላለው ወንድማችን መልሱ እዚህ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የክርስቲያኑ ልማድ ስሟን ለብቻው ለልጅ አለመስጠት ነው። ከአክብሮት የተነሳ ሌላ ቃል ያስቀድሙለታል። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ማርያም፣ ተክለ ማርያም ይላሉ። አፄ ምኒልክ ከመንገሣቸው በፊት ሣህለ ማርያም ነበሩ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ የነገሡት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዓመት 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ ከደነገጉ ወዲህ ይህ አክብሮት ይበልጥ ሥር ሰደደ።

የሙስሊሙ ልማድ ሌላ ነው። እኛ መርየምን የምናከብራት የአላህ ባሪያ፣ ንጹሕና እውነተኛ ሴት እንደሆነች ነው። ዱዓችን ለአላህ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሟን ያለ ቅጥያ ለልጃችን እንሰጣለን፣ እንደሷ ትሆን ዘንድ። በዚህ ምክንያት በአገራችን ገበያ መሀል «መርየም!» ተብሎ ቢጣራ ዞር የምትለው አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ናት። ስሙን የክርስቲያን ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው የራሱን ቅርስ ነው የሚሸሸው።

ስሙ በአማርኛችን ውስጥም ሁላችንም ሳናስበው የምንናገረው ሆኗል። ዝናብ ሲያባራ ሰማይ ላይ የሚታየው «የማርያም መቀነት» ነው። የተሸነፈ ሰው እንዲያመልጥ የሚተውለት ቀዳዳ «የማርያም መንገድ» ይባላል። በቢዮ አዋሌና በዙሪያው ደግሞ ሶማሊኛ ተናጋሪው ማርያን ይላታል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው በራሱ አፍ ያለሰልሳታል።

ከዚያም ወዲያ ሂዱ። ቱርኩ ሜርየም፣ ስዋሂሊው ማሪያሙ፣ የምዕራብ አፍሪካ ሰው ማሪያማ ይላል። በኢራን መርየም የአበባም ስም ነው። በ2014 እ.ኤ.አ የሂሳብ ትልቁን የፊልድስ ሜዳሊያ በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያ የሆነችው ኢራናዊት መርየም ሚርዛኻኒ ነበረች፤ በ2017 እ.ኤ.አ አረፈች። በአሜሪካ ሜሪ የሚለው ቅርጽ ከ1880 እስከ 1946 እ.ኤ.አ በየዓመቱ ለሴት ሕፃናት በብዛት የሚወጣ አንደኛ ስም ነበር። ዛሬ ያ ቅርጽ እዚያ ሲቀዘቅዝ መርየም ግን በእንግሊዝ ከመቶዎቹ ቀዳሚ የሴት ስሞች መካከል ገብቷል። «የድሮ ስም» ላለው አጎት ይህ ይበቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። ስለ መርየሞች በየገጹ የሚዞረውን ሁሉ አትቀበሉ። ለምሳሌ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በሐለብ አስጡርላብ የምትሠራ ሴት «መርየም» ተብላ ስትጠቀስ ሁላችሁም አይታችኋል። ሴትየዋ ኖራለች፣ ሙያዋም እውነት ነው። ነገር ግን የዘመኑ ምስክር ኢብኑ ነዲም የሚጠራት የዒጅሊ ልጅ ብሎ ብቻ ነው። «መርየም» የሚለው በኋላ የተለጠፈ ነው። እውነተኛው ታሪካችን ጌጥ አያስፈልገውም።

ወደ ቢዮ አዋሌ ስንመለስ

ያን ቀን ከዚህ ሁሉ የተናገርነው ጥቂቱን ነበር። የጀዕፈርን ታሪክ ስናወራ አጎትየው ስልኩን አስቀምጦ አዳመጠ። አራሷ ግን ስለ ነጃሺ አልጠየቀችንም። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። የዒምራን ሚስት ሴት በመውለዷ አዝና ነበር ወይ? አለችን። እኛም ሙፈሲሮች ስሜቷን እንዴት እንደገለጹት ነገርናት። ወንድ ጠብቃ ነበር፤ ሆኖም የተሰጣትን ተቀብላ ወዲያው ስም አወጣችላት፣ ዱዓም አደረገችላት። አራሷ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እንግዲያው መርየም ትሁን» አለች። በኋላ እንደሰማነው ሦስተኛ ሴት ልጇ ነበረች፤ ወንድ የጠበቀም በቤቱ አልጠፋም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ተግባራዊ ምክር። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ስታስመዘግቡ የልጃችሁን ስም እንዴት እንደምትጽፉት ቀድማችሁ ወስኑ። ከመካከላችን አንዷ እህት በልደት ወረቀቷ «መርየም»፣ በትምህርት ማስረጃዋ «ማርያም»፣ በመታወቂያዋ «ሜሪየም» ተብላ ሦስት ሰው ሆና ስንት ወር ተንከራታለች። ፊደሉን እናንተ ንገሯቸው፤ ተጽፎ ሲሰጣችሁም እዚያው አንብባችሁ ተቀበሉ።

እናንተስ? በቤታችሁ፣ በሰፈራችሁ መርየም የምትባል እናት ወይም አያት ካለች ዛሬ ደውላችሁ ማን እንደሰየማትና ለምን እንደሰየማት ጠይቋት። መልሷን ለልጆቻችሁ አቆዩላቸው።

ወላሁ አዕለም።